ከናይትሮጅኑ ክፍል የመጣው ትንፋሽ

ጂን የሚባል ነገር የምፈራ ሰው አይደለሁም፣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወራልኝ «ሽቦው የት ጋ ተበጥሶ ይሆን» እያልኩ ነው የማዳምጠው፣ ሥራዬ የመለኪያ ዕቃ መጠገን ነው፣ ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ የለመድኩት፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ሳይሆን እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ጭሮ ውስጥ ሐጂ ኡስማን የሚባሉ ነጋዴ የቡና መጋዘን አላቸው። ከመቻራና ከበደሳ የሚመጣውን ቡና ነቀዝ እንዳይበላው አየር በማያስገባ የብረት ክፍል ውስጥ ይከቱትና ከማሽን የሚወጣ ናይትሮጅን ይሞሉበታል፣ ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ሰውም ቢገባ ያው ነው፣ ናይትሮጅን አይሸትም፣ አያስልም፣ ዝም ብሎ ይጥላል። ስለዚህ ቡናው ከመውጣቱ በፊት ክፍሉ በማራገቢያ ይናፈስና የኦክስጅን መለኪያው ወደ ሃያ አንድ በመቶ እስኪጠጋ ይጠበቃል። የሰው ነፍስ የተንጠለጠለው በዚያች ቁጥር ላይ ነው።

መለኪያውን እንዳስተካክል የተጠራሁት ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ በኋላ ነበር። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የማሽኑን ክፍል ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ምንጣፍ ተነጥፎ፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ ጫኞቹ ጫት ይዘው በርጫ ላይ ናቸው! ክፍሉ ስለሚሞቅ ለመቃም ይመቻል አሉ። ከማሽኑ ጀርባ አንድ ማያያዣ ላልቶ ናይትሮጅኑ ሽሽሽ ይላል፣ የመለኪያው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ወድቆ አፉ እዚያው ሥር ተኝቷል።

«ይህን መለኪያ ማነው የነካው?» አልኩ።

«እኛው ነን» አለ አብዲ፣ የጫኞቹ አለቃ፣ እየሳቀ። «በንጹሕ አየር ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ላይ አድርጉት ተባልን፣ እዚሁ አደረግነው። አየር አየር ነው፣ ያ ወንድሜ!»

«ይሄ ንጹሕ አየር ነው? ራሳችሁን አያዞራችሁም?»

«ያዞረናል እንጂ! ወላሂ፣ እንደዚህ ቤት የሚያመረቅን የለም!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም ገብቶኛል፣ የሳሳውን አየር ንጹሕ ነው ብለው ስላስለመዱት መለኪያው አሥሩን ሃያ እያለ ነው የሚያነበው፣ በዚያ ቁጥር ነው ደግሞ ሰው ሊገባ የተዘጋጀው። መስኮቱን በረገድኩት፣ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሁሉንም አስወጣኋቸው፣ መለኪያውን ግቢው መሐል ነፋስ ላይ አውጥቼ እንደ ደንቡ አስተካከልኩና ቱቦውን በብረቱ በር ላይ ባለችው ቀዳዳ አስገባሁ። አሥር።

«ሐጂ፣ ገዳይ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ።»

«ቅድም ሃያ አልነበረም እንዴ? አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አንተ ልጅ! መኪናው ሊሄድብኝ ነው፣ ክፈቱት!»

ልመልስላቸው ስል ቁጥሩ ተነሣ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት ተኩል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ ደግሞ ተነሣ። ቱቦውን ነቅዬ ነፋስ ላይ ያዝኩት፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ ድርቅ ብሎ ቆመ። መለስኩት፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። ግልጹ ቱቦ ውስጥ ጉም ይይዝና ይጠፋል፣ ይይዝና ይጠፋል። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠጋሁ፣ ሕህ… ሕህ… ይላል፣ ሮጦ እንደመጣ ሰው።

እመኑኝ፣ ያስደነገጠኝ ድምፁ አይደለም። አሥራ ስድስት ተኩል ማለት እኛ ውጭ ያለነው ሰዎች ከአፋችን የምናወጣው ትንፋሽ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው አሥሩን ስቦ ከአሥር በላይ ሊያወጣ አይችልም። ያ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ የእኛን አየር ነበር የሚተነፍሰው።

«ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ አብዲ፣ በእጁ መቀርቀሪያውን ይዞ። በሩ ከውጭ የተቀረቀረ ነው፣ ጫኞቹ ሁሉ ከጎናችን ቆመዋል፣ የጎደለ የለም፣ ይህን እየነገርኩት አይሰማም። ወገቡን ይዤ ጎተትኩት፣ በክርኑ ከንፈሬን ሰነጠቀው፣ አልለቀቅኩም፣ «አትግባ! አትግባ!» እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩበት። ሐጂም ሲያዩን ፈሩ መሰለኝ፣ ማራገቢያው ይብራ አሉ። ቁጥሩ በመጨረሻ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ገብቶ ሲረጋ በሩ ተከፈተ። ጆንያ ብቻ ነበር።

«ለባዶ ቤት መኪናዬን አስቆምከኝ» አሉ ሐጂ። አብዲን ከሞት ስላተረፍኩ ያመሰገነኝ የለም፣ የመለኪያውንም ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡብኝ፣ ጫኞቹ ዛሬም እዚያው ክፍል መስኮት ዘግተው ይቅማሉ አሉ።

አብዲ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። አንድ ቀን ገበያ መሐል እጁን ያዝኩና «ነፍስህን ባተረፍኩ ምን በደልኩህ?» አልኩት።

እጁን ቀስ ብሎ ነጠቀኝ። «ውስጥ ሆኖ ሲጠራኝ የነበረውን ሰምተኸዋል?»

«ትንፋሽ ነው የሰማሁት።»

«‹ኮቱ፣ ና አብዲ፣ ቶሎ ና፣ እየሞትኩ ነው› ነበር የሚለው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ድምፁ ያንተ ነበር። ከኋላዬ ደግሞ የያዘኝ ሰው አፉ ይከፈታል እንጂ ድምፅ አልነበረውም።»