ስድስት ሰዓት ሳይነካ

«ወይኔ! ያዢው፣ ያዢው!»

ሚጢጢ ዘላ ባትይዘው ኖሮ አንቴናው ከነማቆሚያው አለቱ ላይ ይከሰከስ ነበር። የጓደኛዋ የቦርሳ ማንገቻ ነው ከማቆሚያው ሦስት እግሮች አንዱን ጠልፎ የጎተተው። ጓደኛዋን ክፍል ውስጥ «ራዲዮ» ይሏታል፤ ወሬ ስትጀምር እጇም እግሯም አብሮ ያወራል።

ተጋግዘው እግሩን ወደ ቦታው መለሱት። ራዲዮ ጎንበስ ብላ ውኃ ልኩን አየች። አረፋዋ መሃል ገብታለች።

«በቃ፣ ቀጥ ብሏል! ፊትሽን አታጥቁሪው።»

«ቀጥ ማለቱ ብቻ አይበቃም። ከብሎኗ ትክክል በላይ መሆን አለበት» አለች ሚጢጢ፣ አለቱ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለችውን ብሎን እያየች። ሰዓቷን ተመለከተች፤ አራት ከሃያ አምስት።

የመሬት ቀያሽ የሆነችው አክስቷ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት የሳተላይት ጥሪ በሚቀበሉ አንቴናዎች በየወሩ ትለካለች። ዳገቱ ከሥሩ ወዳሉት አራት ክፍሎች እየተንሸራተተ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው። በአንደኛው ክፍል የሚጢጢ ታናሽ ወንድም ይማራል። ዛሬ ቅዳሜ አክስቷ ታችኛው ነጥብ ላይ ሌላ መሣሪያ ይዛ፣ ሚጢጢን ላይኛው ላይ አስቀምጣታለች። ሥራው ከአንድ እስከ ሰባት ሰዓት ማንም እንዳይነካው መጠበቅ ብቻ ነው።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ለምን?» ብላ ጠዋት ጠይቃት ነበር።

«ሳተላይቱ ‹እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው› እያለ ይጣራል» አለቻት አክስቷ። «ግን ቦታውን ትንሽ ይስታል፤ ሰዓቱም በጥቂቱ ይዛነፋል። በየአገሩ ሆነው የሚከታተሉት ሰዎች አስልተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማረሚያውን ይልኩልናል። አይተውን አያውቁም፤ እግዜር ይስጣቸው። የአየሩ እርጥበት ደግሞ ጥሪውን ያዘገየዋል። ምን ያህል እንዳዘገየው የምናውቀው ሳተላይቶቹ ወጥተው እስኪገቡ በትዕግሥት ስናዳምጥ ነው።»

ሚጢጢ ይህን ስትነግራት ራዲዮ ደስ አላት። «ይታረማላ! የኛንም አብረው ያርሙልናል!»

ሚጢጢ ሳትወድ ሳቀች። «እነሱ የሚያርሙት የሰማዩን ነው። የቦርሳሽን ማን ያርማል?»

«ስሚኝ፣ ለአክስትሽ ከነገርሻት እንደ አዲስ ልትጀምሩ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት! የዋንጫው ጨዋታ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበት ለጣት ለማትሞላ ነገር ይቅር?»

ባለፈው ወር ዳገቱ የተንቀሳቀሰው አራት ሚሊ ሜትር ነው። ሚጢጢ ቁጥሩን ራሷ ጽፋዋለች። ራዲዮን ማቆሚያው ጋ ትታ ወደ አክስቷ ቁልቁል ወረደች።

«እትዬ፣ ተነካብን። እግሩ ተንሸራቶ መልሰነዋል።»

አክስቷ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ከሃያ አምስት። ይቅርታ።»

አክስቷ ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። «ተመስገን! ባትነግሪኝ ዳገቱ ሄደ ብዬ አራት ክፍል ተማሪ ሜዳ ላይ አስበትን ነበር። ወይም እግሩ ወደ ዳገቱ አናት ተገፍቶ ከሆነ፣ መንሸራተቱን ሸፍኖብኝ ‹ደህና ነው፣ ግቡ› እል ነበር። ተባረኪ፣ የኔ እናት።»

አብረው ወጡ። አክስቷ ተንበርክካ ከአንቴናው ሥር ቁልቁል በሚያሳየው ማነጣጠሪያ ብሎኗን ፈለገቻት። «ሦስት ሴንቲ ሜትር ስቷል» አለች። ራዲዮ ቦርሳዋን አውልቃ ከማቆሚያው ራቅ አድርጋ አስቀመጠች።

«እስከዚያ ደቂቃ ያለው ልኬት ይተርፋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም» አለች አክስቷ፣ ማቆሚያውን አስተካክላ የአንቴናውን ከፍታ በሦስት በኩል እየለካች። «ጨዋታ እንዳለሽ አውቃለሁ። ሂጂ፤ እኔ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ታች ሜዳው ላይ መረቡን እየወጠሩ ነው። ከሜዳው አጠገብ የአራቱ ክፍሎች ጣራ ፀሐይ ላይ ያበራል። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ይገባሉ።

ሚጢጢ የአለቱ ጥላ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ራዲዮ፣ አሠልጣኟን ተጠባባቂዋን አስገቢ በይልኝ» አለች። «ከዚያ ቶሎ ተመለሺ። ብቻዬን ይሰለቸኛል።»