የታመመው የፈቃደ በርበሬ

ፈቃደ በገዛ በርበሬው መሐል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የሳሙና ውሃ ጣሳው ተገልብጧል። ከሚስቱ ከሠርካዲስ በቀር ልደታ ውስጥ ያለቀሰለት አልነበረም፤ ለጣሊያን እየጠቆመ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ሰፈሩ ያውቃልና።

ጣሳው ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። የፈቃደ አትክልተኛ ቱሉ ደግሞ ጋያ ያጨሳል። ለጣሊያኖቹ ይህ በቂ ነበር፤ ነገ ይሰቀላል አሉ። የቱሉ ሚስት ሮጣ ከወረራው በፊት የፖሊስ መርማሪ በነበረው በዓባይነህ እግር ላይ ወደቀች።

«በጣሳው ምን ያደርግ ነበር?» ሲል ዓባይነህ ሠርካዲስን ጠየቃት።

«በርበሬውን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወረረው። ጉንጩን በሳሙና ውሃ ሞልቶ በአፉ እፍፍ ይልበታል። ያላየው ጎረቤት የለም።»

«የት ያስቀምጠዋል?»

«እዚያው አጥሩ ሥር።»

ዓባይነህ መደቡ ውስጥ ተንበረከከ። ቅጠሎቹ ተጨማደው ቢጫ ዥጉርጉር ሆነዋል፤ ከሥራቸው ደቃቅ ተባይ ተጣብቋል። የታመመው ግን መሐሉ ብቻ ነው፤ ዳሩ ለምለም ነው። ከመሐለኛው ተክል ሥር አንድ የደረቀ ሰፊ ቅጠል አወጣ።

ከአጥሩ ማዶ ወለተሰንበት ትኖራለች። ባሏ በፈቃደ ጥቆማ ተሰቅሏል።

«ስለ ሟቹ ምን ያውቃሉ?» አላት።

«መሞቱን።»

ሲወጣ ከጌሾዋ ጀርባ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጎረቤቱን ሁሉ በርበሬው ዳር ሰበሰበ።

«ይህ የትምባሆ ቅጠል ነው» አለ። «የቱሉ ትምባሆ ከገበያ የተገዛ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ላይ ክሽክሽ አይኖርም። ይህኛው ግን እርጥብ ሳለ ከነተባዩ ነው እዚህ የተቀመጠው። ክሽክሽ የታመመ ተክል መጥጦ ወደ ሌላው ሲሻገር በሽታውንም ይዞ ይሄዳል፤ ከትምባሆ ወደ በርበሬ። የእኔንም በርበሬ እንዲሁ ጨርሶብኛል። ራሱ በርሮ ቢመጣ ከዳር በጀመረ ነበር። ያመጣው ሰው ፈቃደ ጣሳውን ወደ አፉ እንዲያነሣ ፈልጓል። ቀጥሎ ትምባሆ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጣሳው ውስጥ ጨመረበት፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው።» ፊቱን አዞረ። «ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ከጌሾዎ ጀርባ ያለው ትምባሆ እንደዚሁ ዥጉርጉር ነው፤ ቅጠሉም ተቀንጥቧል። ለማያጨስ ሰው ምን ያደርጋል?»

ዓባይነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፈቃደ ተባዩን ሊገድል ትምባሆውን ራሱ በጥብጦ፣ ተሳስቶ ሞተ ብዬ ለጣሊያኖቹ ልንገራቸው። ቱሉ ይፈታል፤ እርስዎም ይተርፋሉ።»

«አይሆንም!» ወለተሰንበት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፊት ወጣች። «የባሌን ልቅሶ እንኳ ተከልክያለሁ። በአፉ ገደለብኝ፤ በአፉ ገደልኩት። ተሳስቶ ሞተ አይባልለትም! ነገ ሊጠቁም የሚነሣ ሁሉ ማን እንደገደለውና ለምን እንደገደለችው ይስማ።»

ጣሳውን ከመሬት አነሣች። ወደ ጣሊያኖቹ ጣቢያ ራሷ ይዛው ሄደች።

ያን ምሽት ቱሉ ቤቱ አደረ።