ከታንከሩ ጀርባ

ሽማግሌው የሞቱት አፋቸውን እንደ ከፈቱ ነው። አንዲት ዝንብ ከንፈራቸው ላይ ትመላለሳለች። መርማሪው በመዳፉ አባረራት። ዞራ መጣች። እንደገና አባረራት።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል። ባልደረቦቹ «አፍንጫው» ይሉታል፤ ነገር ያሸታል ለማለት ነው። ዛሬ አፍንጫውን ቢነቅሉለት ደስ ባለው። ክፍሉ ታምቋል። ከአልጋው ሥር ያለው የአክታ ዕቃ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ለብዙ ቀን የደፋው ሰው የለም።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አስም ነበረባቸው። ከወገብ በላይ ካናቴራ ብቻ ለብሰው አልጋው ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል፤ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሯል። አጠገባቸው አንድ ወንበር ተገልብጧል። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒታቸው የተገኘው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። መርማሪው ረጅም ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ያወረደው ተንጠራርቶ ነው። ትራሱ አጠገብ አንዲት የጥሪ ደወል፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ትንሽ ካሜራ አለች።

የሟቹ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ በመሐረብ አፍንጫውን ይዟል። የመኪና ደላላ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል።

«ገዳዩ ውጭ ተቀምጧል ጌታዬ» አለ። «ያ ሽቦ ጎታች! የቤቱን ኢንተርኔት እስከ ጓሮ አድርስልን ብለን አስገባነው። አባባ ደወሉን ሲጫኑ በስልካችን እንዲጮኽ፣ በካሜራው እንድናያቸው። ይኸው ዛሬ አልጮኸም። ይታሰርልኝ።»

«እርስዎ የት ዋሉ?»

«ቤት ውስጥ፣ ሥራ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ ጓሮውን አልረገጥኩም። ዓይኔን ግን ከአባባ ላይ ነቅዬ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳ በስልኬ አየኋቸው፤ አረንጓዴ ሹራባቸውን ለብሰው ለጥ ብለው ተኝተዋል። እፎይ አልኩ።»

«መሞታቸውን ማን አየ?»

«ሚስቴ። አሥር ሰዓት ላይ። ጠርታኝ መጣሁ፤ ማናችንም አልነካናቸውም።»

ልጁ ከሄደ በኋላ ሬሳውን በቀስታ ቀና አደረገ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል አንድ ነገር ተወሽቋል። ስቦ አወጣው። አረንጓዴ ሹራብ ነው፣ ተገልብጦ የወለቀ። የሱቁ ወረቀት ገና አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚያንቀው ልብሱ ይመስለዋል፤ መርማሪው ይህን ከዚህ በፊትም አይቷል።

ቀና ሲል ሌላ ነገር አየ። ግድግዳው ላይ ቀይ የቀለም መስመር ተሠምሯል። ከበሩ ይነሳና በሽማግሌው ራስጌ አልፎ በመስኮቱ ይወጣል። የሚፈርስ ቤት ላይ የሚሠመር ዓይነት መስመር ነው።

ቴክኒሻኑ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ «ሽቦው» ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል። ምን አደረግህ?»

«ፖሊስ ሲያመጣኝ ደወሏን ከፍቼ አየሁ። አሥራ አራት ጊዜ ተጭነዋል። አሥራ አራት! አንዱም አላለፈም። ፈቃዴ ቢነጠቅ አይቆጨኝም። ልጆቼ አባታችሁ ሽማግሌ ገድሎ ታሰረ ሲባሉ ግን...»

የመርማሪው አለቃ ጉዳዩ ዛሬውኑ ይዘጋ ብሏል። የክሱ ወረቀት ላይ የሽቦው ስም ከወዲሁ ተጽፏል። መርማሪው ይህን አልነገረውም።

«ተነስ። ስልክህን ያዝና ጓሮውን አብረን እንዙር።»

ሽቦው የተከለው የኢንተርኔት ማሰራጫ በዋናው ቤት ጣሪያ ጠርዝ ላይ ተሰቅሏል። በእሱና በሽማግሌው ክፍል መካከል፣ አጭር የብረት ማማ ላይ፣ ሰፊ ጥቁር የውኃ ታንከር አለ። ከታንከሩ ወዲህ ስልኩ ኢንተርኔቱን በደንብ ያዘ። ከታንከሩ ጀርባ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ሽቦው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ ታንከሩን ከታች እስከ ላይ በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ድምፁ እስከ ክዳኑ ድፍን ነው።

ግንባሩን መታ። «ሞልቷል! ውኃ እኮ ሞገዱን ይውጠዋል። እኔ የሰቀልኩ ዕለት ታንከሩን እያጠቡ ነበር፣ ባዶ ነበር። ከክፍላቸው ሆኜ ሞክሬ ሠራ። ሞልቶ መሞከር ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ።»

«ከተከልክ ስንት ጊዜህ?»

«ሁለት ወር።»

«በሁለት ወር ውስጥ ደወሉ አልሠራም ብሎ የጠራህ አለ?»

ሽቦው አሰበ። «አንድም ሰው የለም።»

የሟቹ ምራት በኢንተርኔት አማካይነት ቋንቋ ታስተምራለች። ከታንከሩ ወዲህ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ሣሩ ላይ የወንበሯ እግሮች የቆፈሩት ጉድጓድ ይታያል። ከታንከሩ ጀርባም እንደዚሁ ያለ አራት ጉድጓድ አለ፤ የዚያኛው ሣር ግን መልሶ በቅሏል።

«ወንበርሽን ለምን አዞርሽው የኔ እመቤት?»

«እኔ አላዞርኩትም፣ ባሌ ነው። ታንከሩ ሲሞላ ትምህርቴ እየተቆረጠ አበሳዬን አየሁ። ከዚያ በኋላማ ግማሽ ሲደርስ ፓምፑን እሱ ራሱ ያጠፋዋል። የፓምፑን ቁልፍ የሚይዘውም እሱ ነው።»

«ዛሬ ተቆርጦብሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ከስድስት እስከ አሥር አስተማርኩ። አማቴ ግን በስልኬ ላይ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እጃቸውን አላንቀሳቀሱም። ኋላ ላይ ጨነቀኝና ሄድኩ።» ፊቷን አኮሳተረች። «ሽታው እኮ! እንዴት እንደገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ስልኳን ተቀብሎ አየ። ምስሉ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ክፍላቸው ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ!»

ሴት ልጃቸው በጓሮው በር አጠገብ ቆማ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። በምሳ ሰዓቷ ምግብ ታመጣላቸዋለች።

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጣሽ?»

«ሰባት ሰዓት። ሾርባ ሳበላው ነጭ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ላጥበው ይዤው ሄድኩ፤ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አዲስ ሹራብ ገዝቼለት ነበር፣ አለበስኩት። ‹ሙሽራ አስመሰልሽኝ› ብሎ ሳቀብኝ። መድኃኒቱን ከትራሱ ሥር አድርጌ በሰባት ተኩል ወጣሁ።»

«ሹራቡን ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን እናገራለሁ? ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ወር አለፈን። በጓሮ በር ገብቼ በጓሮ በር እወጣለሁ። ይቺን ክፍል አፍርሶ ደንበኞቹን የሚያስተናግድበት ዳስ ሊሠራ አስቧል። አባዬ ‹ሬሳዬ ሳይወጣ አይፈርስም› ብሎታል።»

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መርማሪው አራቱንም ታንከሩ ሥር ሰበሰባቸው። ከታንከሩ ስንጥቅ አረንጓዴ ዝቃጭ ይንጠባጠባል። ደላላው ጫማው እንዳይነካ እግሩን ሰበሰበ።

«ይህ ሰው» አለ መርማሪው ወደ ሽቦው እያመለከተ፣ «ታንከሩ ሲሞላ ሽማግሌው ደወሉን ቢጫኑ እንደማይሰማ አያውቅም ነበር። አንድ የቤቱ ሰው ግን ያውቃል። የሚስቱ ትምህርት ሲቆረጥ ወንበሯን አዞረላት። የአባቱን አልጋ ግን አላዞረም። ለቴክኒሻኑም አልነገረም። ዛሬ ፓምፑን ከፍቶ እስኪሞላ ተወው።»

«ረሳሁት!» አለ ደላላው። «መርሳት ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። በዘጠኝ ሰዓት አባትህን በስልክህ አየህ?»

ደላላው ‹እርስዎ› መባሉ መቅረቱን ልብ አላለም። «አይቻለሁ አልኩ እኮ።»

«ምን ለብሰው?»

«አረንጓዴ ሹራብ።»

እህቱ ለቅሶዋን አቋረጠች። ቀና ብላ አየችው።

«ስልክህን አውጣ።»

አላወጣም። ፖሊሱ ከኪሱ ወሰደው። ምስሉ በሚስቱ ስልክ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከአምስት፣ ነጭ ሸሚዝ።

«ሹራቡን እህትህ ያለበሰቻቸው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው» አለ መርማሪው። «ያኔ ካሜራው ምስል መላክ ካቆመ ሰዓት አልፎታል። ሚስትህ ስትደርስ ደግሞ ሹራቡ ወልቆ ከአልጋው ጀርባ ተወሽቋል፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አባትህን በዚያ ሹራብ ለማየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ በመካከሉ እዚያ ክፍል መግባት። ጓሮውን አልረገጥኩም ያልከኝ አንተ ነህ። ገባህ፤ ተኝተዋል። መድኃኒታቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተህ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልከው። ትንፋሻቸው ሲያጥር ሹራቡን ገፈፉት። አሥራ አራት ጊዜ ጠሩህ። ወንበር ላይ ወጡ፤ አልደረሱበትም።»

ደላላው መሐረቡን ወደ አፍንጫው አነሳ፣ መልሶ አወረደው።

«እናንተ አብራችኋቸው አልኖራችሁም» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንግዳ ፊት ሳያክቱ ውለው ያውቃሉ? ሰው ሳስተናግድ ከመስኮቱ... ኧህ! ኧህ! ሆዴ እስኪገለበጥ!»

እህቱ ተራመደችና ፊቱ ላይ ተፋች። ማንም አልከለከላትም። መርማሪው ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ፤ የሚያየው ንጹሕ ነገር ግን አጣ።

ደላላውን ወሰዱት።

ሽቦው ከቆመበት አልተነቃነቀም። «የእኔስ ጥፋት ጋሼ? ሞልቶ አልሞከርኩትም።»

«ሥራህን አበላሽተሃል» አለው መርማሪው። «ሰው አልገደልክም። ሁለቱን አትቀላቅል። ወደ ልጆችህ ሂድ።»

ሽቦው መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ምራትየዋ ቀረብ አለችው።

«አንተ፣ ስማ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ጠዋት ትምህርት አለኝ። መስመሩ ይቆረጣል እንዴ?»

ሽቦው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወጣ። ማሰራጫውን ፈታ፣ ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቀለለ፣ ወረደ።

«ይህማ የእኛ ነው!» ብላ ጮኸች።

ማሰራጫውንና ገመዱን እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባ። የአክታውን ዕቃ አውጥቶ ደፋው፣ በቧንቧው አጠበው፣ ሬሳው እስኪነሳም ከደጃፉ ላይ ተቀመጠ።