«ነጻ!» ያለው ማን ነው?

«ክንድሽን አምጪ» አሉ ኦምኬ ሄሰል።

ኒንኬ ክንዷን ሰጠች። ሽማግሌው ብርቱካናማውን ጨርቅ ከክርኗ በላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ቋጠሩት። ይህን ጨርቅ ያሰረ ልጅ ብስክሌተኞቹን ከፊት ይመራል። ጉዞው ሲጀመር ኒንኬ ይህን ጨርቅ ለማሰር ያልሆነችው አልነበረም። አሁን ግን ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ዛሬ ሌላ ሰው ይሁን» አለች።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል መልስ አላውቅም። ያንቺን ያህል ድምፅ ያለው ልጅ የለኝም። ያቺ ጉሮሮሽ ከመጨረሻው ሰው ጆሮ ትደርሳለች።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና የራሳቸውን ጎማ ለመንፋት ሄዱ።

ኦምኬ ማለት አጎት ነው። ሄሰል የአንዳቸውም አጎት አይደሉም፤ ግን በእኛ አገር፣ በኔዘርላንዷ ፍሪስላንድ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጀልባ ድልድይ ሲያነሱና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው በስማቸው ብቻ አይጠሩም። በየክረምቱ የመንደሩን ልጆች ሰብስበው ብስክሌት ያስነዳሉ። ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ፈረንሳይ ድረስ፣ ቮዥ ተራሮች ላይ አመጧቸው። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ነገ ወላጆች በሚጠብቁበት ከተማ ጉዞው ያበቃል።

ኒንኬ ዕቃቸውን ጭኖ ወደሚከተላቸው ሚኒባስ አየች። ዊትሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ታስሯል። በግራ እጁ ሰላም አላት። እሷም እጇን አነሳች፣ ወዲያው ግን ጎንበስ ብላ ያልተፈታ የጫማ ክር ማሰር ጀመረች።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያች ጉሮሮዋ ነው።

የእኛ አገር ምድር እንደ ጠረጴዛ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚመጣ መኪና ገና ከሁለት መንደር ወዲያ ሳለ ይታያል። ስለዚህ ፊት ያለው ልጅ አንገቱን እንኳ ሳያዞር «ነጻ!» ይላል፤ መንገዱ ነጻ ነው፣ እለፉ ማለቱ ነው። ከኋላው ያለው «ነጻ!» ብሎ ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ቃሉ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ማንም ፍሬን አይነካም። አፍ ከለመደው ቆይቷል፤ ማሰብ አያስፈልገውም። ተራራ ላይ ግን መንገዱ ይጠመዘዛል፣ የድንጋይ አጥር ይጋርዳል፣ ጥዱ ይጋርዳል። ይህን ማን ነገራቸው?

ከትናንት በስቲያ ወደ አንዲት መንደር እየወረዱ ነበር። ኒንኬ ፊት፣ ጓደኛዋ ዳውትሰን ከጎኗ። ስለ ምሳ እያወሩ ይስቃሉ። መስቀለኛው መንገድ ሲመጣ ኒንኬ «ነጻ!» አለች፤ ግራ አላየች፣ ቀኝ አላየች። ሁለቱ አለፉ። ልክ ያኔ ከአጥሩ ጀርባ ግንድ የጫነ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ሦስተኛው ዊትሴ ነበር። መሪውን ጠመዘዘና ቦይ ውስጥ ገባ። መኪናው ለጥቂት ሳተው፤ የትከሻው አጥንት ግን ተሰበረ።

«ማን ነው ነጻ ያለው?» አሉ ኦምኬ ሄሰል፣ ወደ ቦዩ እየሮጡ።

ኒንኬ አፏን ልትከፍት ስትል ዳውትሰን ቀደመቻት፤ «ድምፁ ከኋላችን ነው የመጣው።»

ከቦዩ ውስጥ ዊትሴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እኔ መሰለኝ... አዎ፣ እኔ ብያለሁ» አለ።

በእርግጥ ብሏል። ሁሉም ብለዋል! መቀበል ደንብ ነው። ኒንኬ ይህን መናገር ትችል ነበር፤ ግን አልተናገረችም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ነገሩ ከበዳት።

ዛሬ ዳገቱን ሲወጡ ዳውትሰን ከጎኗ መጣች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ወረቀት መስሏል።»

«ልነግራቸው ነው።»

«አበድሽ እንዴ? አንድ ቀን ነው የቀረን! እኔስ? ከኋላ ነው ያልኩት እኔ ነኝ እኮ። ውሸታም ልታሰኚኝ ነው?»

«ማን ዋሺ አለሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ! ደግሞ ዊትሴ ምንም አልተባለም። ማንም አልተቆጣውም። ባክሽ አታካብጂ።» ዳውትሰን ማርሽ ቀይራ ፔዳሏን ረገጠች።

የተራራው ጫፍ ላይ ጉም ጠበቃቸው። ሚኒባሱ ቀድሞ ደርሶ፣ የኦምኬ ሄሰል ባለቤት ጠረጴዛ ዘርግተው የአተር ሾርባ አቅርበዋል። ዊትሴ በግራ እጁ ጭልፋ ይዞ ያድላል።

«ንግሥቲቱ መጣች!» አለ። «ያዢ። ብዙ እጨልፍልሽ ነበር፣ ግን በግራ እጄ ግማሹ ለመሬት ነው።»

ኒንኬ ልትስቅ ሞከረች። «ያምሃል?»

«ስስቅ ብቻ። ስለዚህ አታስቂኝ።» ጭልፋውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኒንኬ፣ አንቺ ፊት ነበርሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። መጀመሪያ የሰማሽው የኔን ድምፅ ነው?»

የሾርባውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይኸው፣ ጥያቄው መጣ። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው።

«አላስታውስም» አለች።

«እኔም አላስታውስም እኮ! ሊያሳብደኝ ነው። ነጻ ማለቴን አውቃለሁ። ከሰው ተቀብዬ ይሁን ከራሴ አውጥቼ... ዓይኔን ስጨፍን የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ከኋላዬ ያለውን ሰው አስጨርሼው ቢሆን ኖሮስ?» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ከእንግዲህ ከሰው ጋር አልነዳም። ብስክሌቷን ለአክስቴ ልጅ ስጣት ብዬ ለአባዬ ነግሬዋለሁ። ነገ ይወስዳታል።»

«ያቺን ብስክሌት?» ዊትሴ ከአባቱ ጋር የብርዱን ወራት በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዕቃ በዕቃ የገጣጠማት ብስክሌት ናት።

«ያቺን።» ከኪሱ የአገራችንን ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት። «ብዪ፣ ለቁልቁለቱ።»

ከረሜላው አፏ ውስጥ አልሟሟ አላት።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ከፊቷ ከሦስት ብስክሌት ርዝመት በላይ አይታይም። መንገዱ ርጥብ ነው። ኒንኬ ፍሬኑን ይዛ ጣቶቿ ደነዘዙ። ከኋላዋ የአሥር ልጆች ጎማ ይሰማታል፣ ከሁሉም ኋላ የኦምኬ ሄሰል። ሁሉም የሚያዩት ክንዷ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ጨርቅ ነው። ባትታጠፍ አይታጠፉም። ገደል ብትገባ ተከትለዋት ይገባሉ። ይህን ስታስብ እናቷን ፈለገች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ እውነቷን ነው፣ እናቷን ፈለገች።

የተቦረቦረ አስፋልት አይታ «ቀዳዳ!» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ።

«ቀዳዳ! ቀዳዳ!» እያለ ቃሉ ወደ ኋላ ወረደ።

ከዚያ ምልክቱን አየች፤ ቀይና ነጭ ሦስት ማዕዘን። መስቀለኛ መንገድ። ግራው ጉም ነው፣ ቀኙም ጉም ነው። ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ የሚሰማት የራሷ ልብ ምት ብቻ ነው።

«ነጻ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በይ እንጂ!» አለች ዳውትሰን። «ነጻ በይ!»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከረሜላውን ተፋችና እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። «ቁሙ! ሁላችሁም ቁሙ!»

ፍሬን ተንጫጫ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ፣ አንዱ ሣር ላይ ወደቀና ተራገመ። ኒንኬ መስመሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። መኪና ከየት በኩል ይመጣ ይሆን?

ምንም አልመጣም። ጉም፣ ርጥብ አስፋልት፣ የሆነ ቦታ የላም ቃጭል። ሌላ ምንም።

«ምን ጉድ ነው? ምን አየሽ?» አለ የወደቀው ልጅ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አስቆምሽን?»

«ምንም ስላላየሁ ነዋ!» ብላ ጮኸች። እንባዋ መጣ፤ መከልከል አልቻለችም። «አይታየኝም! ያን ቀንም አላየሁም። ሳላይ ነው ነጻ ያልኩት። ዊትሴ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ኦምኬ ሄሰል ብስክሌታቸውን እየገፉ ከኋላ መጡ። ኒንኬ ስድብ ጠበቀች፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ዳውትሰን መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም ከኋላ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ» አለች፣ እየተነጫነጨች።

ሽማግሌው ጨርቁን ከኒንኬ ክንድ ፈቱና ኪሳቸው ከተቱት። «ሠላሳ ዓመት ድልድይ ሳነሳ» አሉ፣ «አንድም ቀን በሌላ ሰው ዓይን አላነሳሁም። እናንተን ግን በሰው ጉሮሮ አስነዳኋችሁ። እሱ የኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ዊትሴ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሚኒባሱ ከኋላ እየመጣ ነው» አሉና ልጆቹን አንድ ባንድ ማሻገር ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ወርዶ፣ ራሱ ግራና ቀኙን አይቶ።

ኒንኬ መንገዱ ዳር ቆመች። መሄድ ትችል ነበር፤ ነገ ሁሉም በተሰበሰበበት ሌላ ሰው ይነግረዋል። ቢጫ መብራት ጉሙን ሰንጥቆ ሲመጣ እጇን ዘረጋች። ሚኒባሱ ቆመ፣ መስኮቱ ወረደ።

«ምነው፣ ጎማ ተነፈሰብሽ?» አለ ዊትሴ።

«የሰማኸው ድምፅ የኔ ነው። አንተ የተቀበልከው ከኔ ነው። ጫፉ ላይ ስትጠይቀኝም አስታውሼ ነበር።»

መሪውን የያዙት የኦምኬ ሄሰል ባለቤት ሞተሩን አጠፉ። የዊትሴ ጆሮ ቀስ እያለ ቀላ።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ልገድል ነበር እያልኩ... ሾርባ ሰጠሁሽ እኮ!»

«አዎ።»

«ከረሜላም!»

«አዎ።»

በግራ እጁ ስልኩን ከኪሱ ታግሎ አወጣና በመስኮቱ ዘረጋላት። «ለአባዬ ጻፊ። በዚህ እጄ አንድ ቃል ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል።»

«ምን ብዬ?»

«ብስክሌቷን ማንም እንዳይነካት በይው። ለምን ሲል ደግሞ እኔ አልመልስለትም። ምክንያቱን አንቺው ጻፊለት፣ በስምሽ።»

ኒንኬ ስልኩን ተቀበለች። «ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው?»

«አላልኩም» አለ ዊትሴ። «ጻፊ።»

ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ አወለቀች። «ኒንኬ ነኝ፣ ከዊትሴ ስልክ ነው» ብላ ጀመረችና ቆመች። የዊትሴ አባት የአባቷ ጓደኛ ነው፤ ነገ ከተማው ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቃሉ። ከማዶ ዳውትሰን ብስክሌቷን ይዛ፣ ወደ ግራ አይታ፣ ወደ ቀኝ አይታ፣ እንደገና ወደ ግራ አይታ ስትሻገር ታየቻት።

ጣቶቿን በትንፋሿ አሞቀችና ቀጠለች። «ነጻ ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ቀሪውንም ሁሉ ጻፈች። ላከችው።