ያለ ቀሪ ያለቀው ዓመት

በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ ማምሻውን፣ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከጥቂት አርበኞች ጋር ከዓባይ በረሃ ወደ ደጋው፣ ወደ ቁይ ወጡ። የጣሊያን ባንዲራ ደብረ ማርቆስ ላይ ከተተከለ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየገበያው «ነፍጥህን አስረክብ» የሚል አዋጅ ይነገራል፤ ደጋው ግን ገና ጥርሱን ነክሶ ዝም ብሏል። በዲማ ባሕረ ሐሳብን የተማሩት መሪጌታ፣ ለሸፈቱት ሰዎች ጾሙንና በዓሉን ቆጥረው የሚነግሩ እርሳቸው ነበሩ።

በረሃ ውስጥ መጽሐፍ የለ፣ ደወል የለ። ስለዚህ በጥር ወር የዓለሙን ዘመን፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝን፣ በጠጠር እየያዙ በአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት አካፍለው ገደፉት፤ የተረፈውን በሰባ ስድስት፣ ከዚያም የተረፈውን በዐሥራ ዘጠኝ ቢገድፉት አንዲት ጠጠር እንኳ አልቀረችም። ቀሪ ከሌለ፣ በዓላት የሚወጡበት ወንበር የሚባለው ቁጥርም የለም ብለው ደመደሙ፤ ፋሲካም ሚያዝያ ዐሥራ ሰባት ዋለላቸው።

ከአርበኞቹ አንዱ አንሙት፣ ጾሙን ከእናቱ ቤት እንደሚፈታ ምሎ ነበርና ሁሉም ወደ ወይዘሮ የብርጓል ቤት ገቡ። ዶሮው ከምሰሶ ታስሮ ይጮኻል፤ ከደጃፉ እርጥብ ዘንባባ ተጋድሟል።

«እምዬ፣ ዶሮው እስካሁን አልታረደም?» አለ አንሙት።

እናቱ መጀመሪያ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «የኔታ፣ ነገ እኮ ሆሳዕና ነው» አሉ።

መሪጌታ ዘንባባውን አይተው ቁጭ አሉ። ቀሪ ሲታጣ ወንበሩ ዐሥራ ስምንት እንደሚሆን፣ መምህራቸው በአለንጋ ያስጠኗቸው ነገር፣ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው፤ ፋሲካን በአንድ ሳምንት አስቀድመውት ነበር። አርበኞቹ እየሳቁ ሽሮ በልተው ጎህ ሳይቀድ ተመለሱ፤ መሪጌታ ግን ከእንግዲህ አልቆጥርም ብለው በመንገዱ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

በሳምንቱ እውነተኛው ፋሲካ ደረሰ፤ አርበኞቹ ግን ዳግመኛ ወደ ደጋ መውጣቱ አደጋ ነው ብለው በበረሃ ፈሰኩ። ባንዶች፣ ልጅ ከእናቱ ቤት ሳይፈስክ አይቀርም ብለው፣ የወይዘሮ የብርጓልን ቤት ከበው አደሩ፤ ያገኙት ግን አሮጊቷን ብቻ ነበር። ንዴታቸውን በዶሮው ወጥ ተወጥተው ሄዱ።

ወሬው በረሃ ሲደርስ አንሙት የመሪጌታን ጉልበት ሳመ። መሪጌታም አለቀሱ።

«ልጄ፣ በትክክል ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ እኮ አስፈጅቻችሁ ነበር።»

«የኔታ፣ ለከርሞም እርስዎ ይቁጠሩልን» አለ አንሙት፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት።

የአርበኝነቱን ዘመን የጻፉ ሰዎች ውጊያ የተደረገበትን ሸለቆ ሁሉ በስሙ ጠቅሰዋል፤ ያን ሰሞን ቁይ አጠገብ ጥይት ስላልተተኮሰ ግን ማንም አላነሣውም። ወይዘሮ የብርጓል እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ በሆሳዕና ዋዜማ ለብዙ ሰው የሚበቃ ሽሮ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ምን ድግስ ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ የእኔ ፋሲካ ዛሬ ነው ይሏቸው ነበር።