ሬሳ የሌለው ሙሾ

ዘበኛው ዘርጋው «ለማኝ አይገባም» ብሎ በር ላይ ያቆማቸው ሳያንስ፣ ማሽኑም እማማ ትርንጎን አልሰማም አለ። የወሎን ጎበዝ ሁሉ በሙሾ ያስነባ አንደበት ይዘው ቢናገሩ፣ ግዑዙ ቃላቸውን እያጣመመ ይጽፋል።

«ማሽኑ እየሳተዎት ነው፣ እማማ» አለ ድምፃቸውን ሊቀዳ ያስጠራቸው መሐንዲሱ ናሁሰናይ፣ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ማዶ ሆኖ። ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን ነው የሚያስተምረው። ሥራው ሒሳብ መሆኑን ነግሯቸዋል፤ ድምፅን ይቆራርጣል፣ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ያሰላል።

«እኔ አልሳትኩም። ደንቆሮው እሱ ነው።»

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ የላብና የተቃጠለ ጎማ ሽታ አለው፤ ድምፅ ከአፍ ሳይርቅ ይዋጣል፣ የገዛ ትንፋሻቸውም በጆሮ ማዳመጫው በኩል እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ እየተመለሰ፣ ክዳኑ የተገጠመ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ አስመሰላቸው።

ናሁሰናይ ሙሾ እንዲያወርዱ ጠየቀ።

«ሬሳ በሌለበት ሙሾ አይወርድም። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው አይከርምም።»

«በእኔ ስም ያውርዱት» አለ እየሳቀ። «ወይስ ሙሾ አውራጅነትዎ የሰፈር ወሬ ነው?»

ይህን ማለት አልነበረበትም። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ስሙን በረጅሙ ጠሩት። ማሽኑ አልሳተም። ናሁሰናይ ጽሑፉን እያየ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እማማ፣ ያላሉትን እየጻፈ ነው።»

«ምን አለ?»

ቃል በቃል አነበበላቸው፦

«ምን በድሎ ነው አንገትህ፣ መስታወት ያረደው፣
ደምህ እንደ ጎርፍ ሆኖ፣ ወለል ላይ የወረደው።»

እማማ ትርንጎ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ግጥሙ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ገና አልወጣም።

«ዝም ብያለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ። አሁንም ይጽፋል።»

በማዳመጫው ውስጥ አንዲት አሮጊት በቀስታ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፁ የራሳቸው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መስታወት በረዶ እንደሚሰነጠቅ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ወደ እሱ ፈነዳ። አንዱ ስባሪ ከአገጩ ሥር ገባ። ናሁሰናይ ደሙን በሁለት እጁ ሊመልስ ታገለ፤ በጣቶቹ መሃል እየተንዠቀዠቀ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን አለበሰው። ወድቆ ወለሉን በተረከዙ ሲደልቅ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚንቦጫረቀውን ሁሉ እማማ ትርንጎ በማዳመጫው፣ ጆሯቸው ሥር ያለ ያህል፣ እስኪያበቃ ሰሙት።

ዘርጋው ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ገባ። ደሙን ረግጦ ቆመ፤ ዓይኑ ሬሳው ላይ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ተተከለ።

«እትዬ... እርስዎ ነዎት የሚናገሩት?» አለ።

«አፌ ተዘግቶ አታይም?»

ለእሳቸው ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ነው፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አይቆምም። የዘርጋውን ከንፈር ግን ማንበብ አላቃታቸውም፤ የመጀመሪያውን ቃል፣ የገዛ ስሙን፣ ሲጠራ አዩት።

እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንተ ቆጥረሃል። አንብብልኝ፣ ዘርጋው። ቀስ ብለህ አንብብ፣ አንድም ቃል እንዳልስትብህ።»