በጋሼ ኪስ የነበረው ቡሎን

ጋሼ የሞቱት ቆመው ነው። ጠዋት ጋራዣቸው ሲከፈት የአንዲት አሮጌ ኦቶማቲክ መኪና ግንባር ደረታቸውን ከኋላቸው ካለው የብረት መሥሪያ ጠረጴዛ፣ ከባንኮው ጋር አጣብቆ ይዟቸው ተገኙ። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ደፍተው አሁንም አንድ ሽቦ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ሰው እንዲህ ሲሞት የቀረው ዝም ይላል። እዚህ ግን ሁሉም ከሬሳው ዞር ብሎ መዳፍ የምታክል ማሽን ከብቦ ቆሟል። ማሽኗን የያዘው «ዶክተር» ነው። ይህን ስም ያገኘው ሕክምና ተምሮ አይደለም፤ የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያዋን ሽቦ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ነው። ቱታው ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ እሱ ይህን ክብር ብሎታል፤ ጅሎችም ክብር ነው ብለው ተቀብለውታል።

«ይኸው!» አለ ማሽኗን ቀድሞ ለደረሰው ፖሊስ እያሳየ። «የማርሽ ቦታ ሴንሰር ኮድ። ኮምፒውተሩ መቆሚያው ፓርክ ይሁን መሄጃው ድራይቭ መለየት አቅቶታል። ማርሹ ፓርክ ላይ እያለ ዘላ ወጣችባቸው። ማሽን አይዋሽም።»

ፖሊሱ ማሽን አይዋሽም ብሎ ጻፈ።

የጋሼ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የመኪናዋን ካምቢዮ፣ የማርሽ ሣጥኑን፣ አውርዳ ፈትታ ትናንት መልሳ የገጠመችው፣ ሴንሰሩንም በገዛ እጇ ያሰረችው እሷ ናት። «አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ» ትላለች ደጋግማ።

«ስንቴ ተነገረሽ!» አላት አጎቷ፣ የጋራዡ እቃ ያዥ። «ሴት ልጅና ካምቢዮን ምን አገናኛቸው?» የገዛ ወንድሙ ሬሳ ሳይነሣ ይህን ለማለት ትንፋሽ አላጠረውም።

መርማሪዋ የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነውና። የምትነዳው አሮጌ ኦቶማቲክ ነው። ሦስት ጋራዦች በየተራ ኮድ እያነበቡ ግጠዋታል፤ ካምቢዮን የተማረችው በመዘረፍ ነው ማለት ይቻላል። አንገቱ ላይ ሽቦ ያንጠለጠለ ሰው ስታይ ፊቷ የሚጨማደደውም ለዚህ ነው።

ማሽኗን ዞር ብላ አላየችም። «መኪናዋን ወደ ኋላ ግፏት» አለች። ፖሊሱ ጎማው እንዲለቀቅ ማርሹን ከፓርክ ወደ ፍሪ አወጣው። መኪናዋ ግን እምቢ አለች፤ ወለሉ ወደ ግድግዳው ስለሚያዘነብል አራት ሰው ተጋግዞ ነው የገፋት። ሬሳው ሲነሣ መርማሪዋ የደረት ኪሳቸውን ፈተሸች። አንድ ጥቁር ቡሎን አገኘች።

ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እህቴ፣ ይኼ ለምን ኪሳቸው ውስጥ ገባ?»

«የባትሪው ነው። አባዬ ኮፈን ከከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፈታል። ቡሎኑን ደረት ኪሱ ይከታል። ‹ቡሎኑ እኔ ጋ ካለ ማንም ጅል መኪና አያስነሣብኝም› ይላል።»

«ጎማውስ?»

«ጎማዋ ሥር ታኮ ሳያደርግ አጠገቧ አይቆምም።»

ታኮው ግድግዳው ላይ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። የባትሪው ኔጌቲቭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ያሰረው ግን ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ ቡሎን ነው።

አጎትየውን ጠራችው። «ትናንት ከሥራ በኋላ የግቢው ቁልፍ እነማን ጋ ነበር?»

«ወንድሜ፣ እሷ፣ እኔና ዶክተር ጋ።»

«ቡሎን የምታስቀምጡትስ የት ነው?»

«እቃ ክፍል። ቁልፉ ከወገቤ አይወርድም፤ ስወጣ ቆልፌ ይዤው ነው የምሄደው። ዛሬ ጊዜ ማን ይታመናል!»

«ቢጫ ቡሎን አላችሁ?»

«ጥቁር ብቻ ነው የምንገዛው። ርካሽ ነው» አለ፤ በርካሽነቱ እየኮራ።

ቀጥላ ዶክተርን ጠየቀችው። «ትናንት ማታ ከዚህ በምን ሄድክ?»

«በታክሲ። የኔዋ እዚሁ ግቢ ቆማለች። ባትሪዋ ደክሞ አልነሣ አለች።»

«የመኪና ዶክተር በታክሲ!»

«ሐኪምም ይታመማል፣ እመቤቴ» አለና ብቻውን ሳቀ።

በዚህ መሃል የመኪናዋ ባለቤት ገቡ፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ባንኮው ላይ ተደገፉ። «ጋሼ ትናንት ደውለውልኝ ነበር» አሉ። «‹ዶክተር ካምቢዮው ሞቷል፣ አዲስ ግዢ ብሎሻል። ልጄ ፈትታ አየችው፤ ጤነኛ ነው። ነገ ነይ፣ አስታማሚ መስሎ የሚያሳምመውን ሰው ፊትሽ አቆመዋለሁ› አሉኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ባንኮው ፊት ሰበሰበቻቸው። ጥቁሩን ቡሎን መዳፏ ላይ አኖረች።

«ጋሼ ሲሞቱ ይህ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ባትሪው ተፈትቷል ማለት ነው። ባትሪ የሌላት መኪና ሞተር ታስነሣለች?»

ልጅቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አታስነሣም። ስለዚህ ዘላ አልወጣችም። አንድ ሰው ታኮውን አነሣ፣ ማርሹን ፍሪ አደረገ፣ ቁልቁል ገፋት። ይህ ሁሉ ባትሪ አይፈልግም። ከዚያ ጭንቅ መጣ፤ ባትሪዋ የተፈታ መኪና ዘለለች ቢባል ማን ያምናል? ቡሎኑን ከኪሳቸው ለማውጣት ደግሞ መኪናዋ ደረታቸውን ይዛለች። ሌላ ቡሎን አምጥቶ አሰረ። ሞተሩን አስነሣ፣ ሴንሰሩን ነቅሎ ኮድ አስመዘገበ፣ መልሶ ሰካ። አጠፋና ማርሹን ፓርክ ላይ መለሰ።»

«ኮዱ እኮ ቀድሞም ሊኖር ይችላል» አለ ዶክተር።

«የዚህች አሮጌ መኪና ኮምፒውተር ባትሪ ሲፈታበት የያዘውን ኮድ ሁሉ ይረሳል። ያነበብከው ኮድ ጋሼ ከሞቱ በኋላ የተወለደ ነው።»

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እና እሷ ካልሆነች ማን ነው?»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው» አለችው መርማሪዋ። «እህቴ፣ ፓርክ ላይ መኪናዋን የሚይዛት ምንድን ነው?»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «የብረት ጥርስ። ከማርሹ ዘንግ ጋር በገመድ የተያያዘ። ሴንሰሩ...» ቆም አለች። «ሴንሰሩ ማርሹ ያለበትን ብቻ ነው የሚናገረው። ጥርሱን አያነሣውም።»

«ምስክር ነው፤ እጅ የለውም። ካምቢዮ ፈትቶ ያየ ሰው ወንጀሉን በዚህ ሴንሰር አያላክክም። ይህን ኮድ የሚመርጥ ማሽን ማንበብ የሚያውቅ፣ ካምቢዮ ግን ከውስጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። አጎትየው እቃ ያዥ እንጂ ማሽን አንባቢ አይደሉም፤ ደግሞም የእቃ ክፍሉ ቁልፍ ወገባቸው ላይ ነበር፤ ጥቁሩን ያስሩ ነበር። ቡሎን ቸግሮት የሚንከራተት ሌላ ሰው ነው። ኑ፣ የዶክተርን በሽተኛ እንይ።»

ግቢ ወጡ። የዶክተር መኪና እንደ መስታወት ተወልውላለች። መርማሪዋ ኮፈኑን አነሣች። የባትሪው ፖዘቲቭ በቢጫ፣ በሚያብለጨልጭ ቡሎን ታስሯል። ኔጌቲቩ ግን ቡሎን የለውም፤ በሽቦ ተጠፍንጎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ባትሪዋ ደክሟል አልክ» አለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዶክተር አሁንም ማሽኗን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ግራ ቀኝ አየ። «ስልኩን ሰምቻለሁ፤ ሊያዋርዱኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ሽቦ ነቃቅዬ ካምቢዮ ሞተ እንደምል ሰው ፊት ሊናገሩ! እኔን! ይህ ሰፈር በሙሉ ዶክተር የሚለኝን!»

«ለዚህ ስም ብለህ ነው?» አለችው መርማሪዋ። ማሽኗን ከእጁ ወስዳ ለፖሊሱ ሰጠችው። ፖሊሱ ጠዋት የጻፈውን ሰረዘ።

ዶክተርን ከወሰዱት በኋላ ልጅቷ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እጇን ማርሹ ላይ አኖረችና ወደ ፓርክ መለሰችው። ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ተሰማ። ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ የጠዋቱ ለቅሶ አልነበረም፣ ይኼኛው ለአባቷ ብቻ ነበር።

አጎቷ መስኮቱ አጠገብ መጣ። «የኔ ልጅ፣ እኔ መቼም ተጠራጥሬሽ አላውቅም...»

ቀና አለች። «አጎቴ፣ የእቃ ክፍሉን ቁልፍ።»

እጇን ዘርግታ ጠበቀች። እሱም ከወገቡ ፈታው።